በብሪጅ ውል ስትይዙ ተከላካዮችን እንዴት እንደምትሸውዱ

ጎንደር ላይ ክረምት ሲገባ ማታ ማታ ከቤት መውጣት ያስጠላል። ዝናቡ ከሰዓት ይጀምርና አንዳንዴ እስከ ማታ ይዘልቃል። ያኔ ሦስት ጎረቤት ከተገኘ ብሪጅን የሚያህል ጨዋታ የለም። ኮንከር የሚችል ሰው በየሰፈሩ አለ። ብሪጅ የሚችለው ግን ጥቂት ነው፤ ከሚችሉትም ብዙዎቹ ውል ሲይዙ ካርታቸውን እንዳለ ያወርዱታል። የሚበሉትን ይበላሉ፣ የሚከፍሉትን ይከፍላሉ። ተከላካዩን ማሳሳት እንደሚቻል ልብ አይሉም። እኔ ደግሞ የብሪጅ ትልቁ ደስታ እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ጨዋታውን ገና የጀመረ ሰው እንዳይጠፋበት ቃላቱን ላስተዋውቅ። 52 ካርታ ለ4 ሰው 13፣ 13 ሆኖ ይታደላል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ ባልደረባ ናቸው። መጀመሪያ ጨረታ ይካሄዳል። ጨረታውን ያሸነፈው ወገን «ይህን ያህል ዙር እበላለሁ» ብሎ ውል ይገባል። ውሉን የሚጫወተውን ሰው ባለውል እለዋለሁ። ከባለውሉ በግራ ያለው ተከላካይ የመጀመሪያውን ካርታ ይጥላል። ወዲያው የባለውሉ ባልደረባ እጁን ለሁሉም እንዲታይ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋዋል። ይህ የተዘረጋው እጅ ዳሚ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ባለውሉ ሁለቱንም እጅ ብቻውን ያጫውታል። አራቱም አንዳንድ ካርታ ሲያወርዱ አንድ ዙር ነው። በጨረታው ገዥ፣ ማለትም ከሌሎቹ የሚበልጥ፣ የሆነ ዓይነት (ስፔድ፣ ልብ፣ ዳይመንድ ወይም ክለብ) ካለ፣ የተመራው ዓይነት ከእጁ ያለቀበት ሰው በገዥ መቁረጥ ይችላል። ያለ ገዥ የሚደረግ ውልም አለ። ጨረታውና ውሉ ዛሬ ባላቸው መልክ የተደራጁት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለ አሜሪካዊ ፊንላንድ በምትባል መርከብ በፓናማ ቦይ በኩል ሲጓዝ ከጓደኞቹ ጋር ሞከረው።

አሁን ወደ ሥራው።

1. የተፈቀደውንና ያልተፈቀደውን ለዩ

ይህ መጀመሪያ መምጣት አለበት። በብሪጅ ሕግ መሠረት በካርታ ማሳሳት የተፈቀደ ነው። ንጉሡን መጣል የነበረባችሁ በሚመስልበት ቦታ ንግሥቲቱን ብትጥሉ ማንም ሊከሳችሁ አይችልም። በአነጋገር፣ በፊት ገጽታ፣ በመቸኮል ወይም አውቆ በመዘግየት ማሳሳት ግን ክልክል ነው። አንድ ካርታ ብቻ ቀርቷችሁ «የቱን ልጣል?» እያላችሁ የምታስቡ መምሰል ነውር ነው፤ ሕጉም አይፈቅደውም። ትንፋሽ መሳብ፣ ጭንቅላት መነቅነቅ፣ ባልደረባን ትክ ብሎ ማየት ሁሉ ከዚህ ይመደባል። የተመራውን ዓይነት እጃችሁ ላይ እያለ ሌላ መጣልም ብልጠት ሊባል አይችልም። ቅጣት ያለበት ጥፋት ነው።

በዚህ ጉዳይ እኔ ድርድር የለኝም። ካርታው ያሳስት፣ ሰውየው ግን እንደታመነ ይቆይ። በተለይ ጠረጴዛው ላይ ታላላቆች ሲኖሩ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። በካርታ የተሸወዱ ሽማግሌ ስቀው ይመርቁዎታል። በፊታችሁ ከሸወዳችኋቸው ግን ሁለተኛ አብረዋችሁ አይቀመጡም።

ባለውሉ ከተከላካዮቹ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ተከላካይ የተሳሳተ ካርታ ሲጥል ባልደረባውም ሊሳሳትበት ይችላል። የእናንተ ባልደረባ ግን እጁን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። የምታሳስቱት የራሳችሁ ሰው ስለሌለ እንደልባችሁ ናችሁ።

2. ከመጀመሪያው ካርታ በፊት ቁሙ

በግራችሁ ያለው ካርታውን ጥሎ ዳሚ ከተዘረጋ በኋላ ከዳሚ ምንም አታውርዱ። አንድ ደቂቃ ውሰዱ። ይህን ሁልጊዜ አድርጉት፤ እጁ ቀላል ቢሆንም እንኳ። ሁልጊዜ የምትቆሙ ከሆነ ማሰባችሁ ምንም ነገር አያሳብቅም። በኋላ መሃል ላይ ስትደርሱ ግን ማሰብ ጉዳችሁን ያወጣዋል። ንግሥቲቱን ለመጣል ግማሽ ደቂቃ የፈጀባችሁ ከሆነ፣ ሌላ ካርታ እንዳላችሁ ተከላካዩ ያውቃል።

በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጥያቄ መልሱ። ስንት ዙር በእጄ አለ? ምን ቢያደርጉ ውሌ ይፈርሳል? ያንን እንዳያደርጉ ምን መስሎ ሊታያቸው ይገባል? ሦስተኛውን አብዛኛው ሰው አይጠይቅም።

ለመመለስ በሐሳብ ግራ በኩል ካለው ሰው ወንበር ላይ መቀመጥ አለባችሁ። ሰንጠረዥ የለመዱ አባቶች ብሪጅ ሲጀምሩ የሚቸገሩት እዚህ ጋ ነው። ሰንጠረዥ ላይ የሁለቱም ወገን ሠራዊት በግልጽ ይታያል። ብሪጅ ላይ እያንዳንዱ ተከላካይ የሚያየው የራሱን 13 እና የዳሚን 13 ብቻ ነው። የቀሩትን 26 ካርታዎች ከጨረታውና ከሚወርዱት ካርታዎች ይገምታል። ግምቱ የሚመገበው እናንተ ከምትጥሉት ነው።

ጨረታውን አትርሱ። በተለመደው ቆጠራ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ነው፤ በጠቅላላው 40። በጨረታ ከ15 እስከ 17 ነጥብ እንዳላችሁ ተናግራችሁ ከሆነ ተከላካዩ ያንን ይዞ ይቆጥራል። 10 ነጥብ ካሳያችሁ በኋላ «አስ የለኝም» የሚል ካርታ ብትጥሉ አያምናችሁም። የምትነግሩት ታሪክ በጨረታ ከተናገራችሁት ጋር መግጠም አለበት።

3. ከእኩል ካርታዎች ትልቁን ተጠቀሙ

ይህ ቀላሉ ነው፣ በየቀኑም ይመጣል። ያለ ገዥ ውል ይዛችኋል። የስፔድ አያያዝ እንዲህ ነው።

ግራ፦ አስ፣ 10፣ 8፣ 5፣ 2
ዳሚ፦ 7፣ 4
ቀኝ፦ ጃክ፣ 9፣ 6
እናንተ፦ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ 3

ግራ 5ን መራ፣ ከዳሚ 4፣ ቀኝ ጃክ ጣለ። በንጉሥም በንግሥትም መብላት ትችላላችሁ። ለእናንተ ሁለቱ እኩል ናቸው። ለግራ ሰው ግን በጣም ይለያያሉ።

በንግሥት ከበላችሁ ንጉሡ እናንተ ጋ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ቀኝ ንጉሥ ቢኖረው ጃክን አይጥልም ነበር፤ ሦስተኛ ተጫዋች ትልቁን ነው የሚያወርደው። በንጉሥ ከበላችሁ ግን ንግሥቲቱ የት እንዳለች አያውቅም። ቀኝ ንግሥትና ጃክ አብረው ቢኖሩት ልማዱ ከሁለቱ ዝቅተኛውን መጣል ነው። ስለዚህ ግራ «ንግሥቲቱ ባልደረባዬ ጋ ልትሆን ትችላለች» ይላል። በሌላ ዓይነት ገብቶ መሪነቱን ሲያገኝ ከአሱ ሥር ትንሽ ስፔድ ይመራላችኋል። ንግሥታችሁም በነጻ ትበላለች።

ሁልጊዜ ግን አንድ ዓይነት አታድርጉ። በየሳምንቱ ከአንድ ሰው ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ልማዳችሁን ያጠናዋል። ውሉ የማይናጋበት እጅ ሲመጣ አንዳንዴ በዝቅተኛው ብሉ።

4. ንግሥቲቱን ገና በመጀመሪያው ዙር ጣሉ

ይህንን ብልሃት በጣም ነው የምወደው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ገዥው ስፔድ ነው፤ ውላችሁ 10 ዙር መብላት ነው። ከ13ቱ 3 ዙር ብቻ መክፈል ትችላላችሁ። ሌላ ቦታ አንድ ዙር መክፈላችሁ አይቀርም እንበል። ግራ የልብ አስን መራ። የልብ አያያዝ ይህ ነው።

ግራ፦ አስ፣ ንጉሥ፣ 10፣ 7፣ 4
ዳሚ፦ ጃክ፣ 8፣ 6
ቀኝ፦ 5፣ 2
እናንተ፦ ንግሥት፣ 9፣ 3

ከዳሚ 6፣ ቀኝ 5 ጣለ። አሁን ተራው የእናንተ ነው።

ብዙ ሰው 3ን ይጥላል። ንግሥትን ለምን በከንቱ ይጣላል? ቀጥሎ የሚሆነውን ግን ተመልከቱ። ግራ 5ን አይቶ፣ 2 አለመውረዱን ልብ ብሎ «ባልደረባዬ ሁለት ብቻ ሊኖረው ይችላል» ይላል። ንጉሡን ይመታል፤ ቀኝ 2ን ይጥላል። ሦስተኛ ልብ ሲመራ ቀኝ በገዥ ይቆርጣል። ሦስት ዙር ሄደ። ከዚያኛው አንድ ጋር አራት። ውሉ ፈረሰ።

አሁን በመጀመሪያው ዙር በ3 ፈንታ ንግሥትን ጣሉ። ግራ ወንበር ላይ ሆናችሁ አስቡት። የእናንተ ንግሥት ወርዳለች። ያልታዩት ልቦች 9፣ 3 እና 2 ናቸው። «ንግሥቲቱ ለብቻዋ ከሆነች ባልደረባዬ 9፣ 5፣ 3፣ 2 ነበረው ማለት ነው። ከአራት ካርታ ደግሞ 5ን መጣል ያለ ነው» ይላል። ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ይገጥማል። ንጉሡን ቢመታ እናንተ በገዥ የምትቆርጡበት፣ የዳሚ ጃክም ነግሦ የሚቀር ይመስለዋል። ስለዚህ ልቡን ትቶ ወደ ሌላ ዓይነት ይዞራል። እናንተ ገዥውን ታወጣላችሁ። ቀኝ የሚቆርጥበት ገዥ ካለቀበት በኋላ ልብ ቢመለስም የምትከፍሉት አንድ ተጨማሪ ዙር ብቻ ነው።

ንግሥትን መጣል ምንም አላስከፈላችሁም። አስና ንጉሥ ከወረዱ በኋላ የዳሚ ጃክ ራሱ ከቀሩት ልቦች ሁሉ ይበልጣል። መጀመሪያም ከዚህ ዓይነት የምትበሉት አንድ ዙር ነው፣ አሁንም አንድ ዙር ነው። ትልቅ ካርታ ከመጣላችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ። ዳሚ ላይ ጃክ ባይኖር ኖሮ ይህ ነገር ገንዘብ እንደመጣል ይሆን ነበር።

ሌላም ቅድመ ሁኔታ አለ። ቀኝ የጣለው ካርታ ታሪኩን መደገፍ አለበት። 5 የሆነው ለእኛ በጎ ነው። ከ9፣ 5፣ 3፣ 2 ውስጥም ከ5 እና 2 ውስጥም ሊመጣ ይችላልና። ቀኝ 9ን ጥሎ ቢሆን ኖሮ ግን ከአራት ካርታ ያንን ይጥላል ብሎ የሚያምን ተከላካይ አይገኝም።

ሰፈራችን ውስጥ አብረውን የሚጫወቱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። እያንዳንዷን ካርታ ይቆጥራሉ። እንዲህ ያለው ብልሃት የሚሠራው እንደ እሳቸው ባለ ሰው ላይ ነው። ለማያየው ሰው ታሪክ ብትነግሩት አይሰማም። ካርታ የማይቆጥር ጀማሪ ንግሥቲቱን ሳያይ ንጉሡን ይመታና በድንገት ያፈርሳችኋል። ስለዚህ ከመሸወዳችሁ በፊት ግራ ማን እንደተቀመጠ እዩ።

5. ለትንንሾቹ ካርታዎች ክብር ስጡ

ተከላካዮች በትንንሽ ካርታ ይነጋገራሉ። በተለመደው አሠራር ከፍ ያለ ትንሽ ካርታ «ቀጥል» ማለት ነው፣ ዝቅተኛው «ተው» ማለት ነው። እናንተም በዚህ ንግግር መሃል መግባት ትችላላችሁ።

ሕጉ ቀላል ነው። ግራ በዚያው ዓይነት እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ከፍ ያለውን ትንሽ ካርታ ጣሉ። እንዲተው ከፈለጋችሁ ዝቅተኛውን ጣሉ። ያለ ገዥ በሆነ ውል የክለብ አያያዝ ይህ ነው እንበል።

ግራ፦ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ 10፣ 9
ዳሚ፦ 8፣ 6
ቀኝ፦ 7፣ 4፣ 3
እናንተ፦ አስ፣ ጃክ፣ 5፣ 2

ግራ ንጉሡን መራ። ቀኝ 3ን ጣለ፤ «ተው» ማለቱ ነው። እናንተ አሱን አስቀምጡት፣ ይህን ዙር ልቀቁ። ግራ ንግሥትን ቢመራ በአስ ትበላላችሁ፣ ጃካችሁም ቀጣይዋ ትልቅ ትሆናለች። ስለዚህ እንዲቀጥል ትፈልጋላችሁ።

2ን ከጣላችሁ ግራ 3 ከሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን በዓይኑ ያያል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ይተዋል። 5ን ከጣላችሁ ግን 2 የት እንዳለ አያውቅም። «ምናልባት ባልደረባዬ ጃክ፣ 3 እና 2 ይዞ ይሆናል፤ ከሁለቱ ትንንሾች ከፍ ያለውን ጥሎልኛል» ይላል። በ5 እና በ2 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዙር ሙሉ ነው። ከዚህ በኋላ ትንሽ ካርታ ሳያስብ የሚወረውር ሰው ሳይ ያሳዝነኛል።

የእነሱን ስምምነት ማወቅ አለባችሁ። አንዳንዶች ምልክቱን ገልብጠው ይጠቀማሉ፤ ዝቅተኛው «ቀጥል» ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ስምምነታቸውን የመንገር ግዴታ አለባቸው። መልሱ የተገለበጠ ከሆነ እናንተም ገልብጡ።

6. ለታሪኩ ምክንያት ስጡት

አሁን ትንሽ ጠንከር ያለ። ያለ ገዥ ውል፤ ስፔድ እንዲህ ነው።

ግራ፦ ንጉሥ፣ 9፣ 7፣ 5፣ 2
ዳሚ፦ 8፣ 4
ቀኝ፦ ጃክ፣ 10፣ 6
እናንተ፦ አስ፣ ንግሥት፣ 3

ግራ 5ን መራ፣ ቀኝ 10ን ጣለ። ስፔድ አያስፈራችሁም። የሚያስፈራችሁ ልብ ነው፤ ዳሚም እናንተም በልብ ባዶ ናችሁ ማለት ይቻላል። ደግሞ መሪነቱን አንድ ጊዜ ለግራ ሰው መልቀቃችሁ የግድ ነው።

በንግሥት ብትበሉ ግራ አሱ እናንተ ጋ መሆኑን ያውቃል። ቀኝ አስ ቢኖረው 10ን አይጥልም። «ስፔድ ብመራ ለአሱ ነው የማቀብለው» ብሎ ሲገባ ወደ ልብ ይዞራል። በአስ ብትበሉ ግን ቀኝ ንግሥት፣ ጃክና 10 ያለው ሊመስለው ይችላል። ከሦስት ተከታታይ ትልልቅ ካርታ ዝቅተኛውን ጥሏል ብሎ። ሲገባ በደስታ ስፔድ ይመራል። ትንሽ ቢመራ ንግሥታችሁ ትበላለች። ንጉሡን ቢመታም ንግሥቲቱ ቆማ ትቀራለች።

ጎበዝ ተከላካይ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «አስ ብቻ ቢኖረው ኖሮ አንድ ሁለት ዙር ይለቅ ነበር። ለምን ቸኮለ?» ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ዳሚ ላይ መታየት አለበት። ዳሚ በልብ ድሃ ሆኖ ከታየ «አሃ፣ ወደ ልብ እንዳንዞር ፈርቶ ነው» ብሎ ራሱን ሊያሳምን ይችላል። ይህ ግን ተመልሶ ሊጎዳችሁም ይችላል፤ ፍርሃታችሁን ካነበበ ወደ ልብ ይሄዳል። እኔ ይህን የምጠቀመው ግራ ያለው ሰው የራሱን ዓይነት በጣም የሚወድ ሲሆን ነው። አምስት ካርታ ይዞ የጀመረውን ዓይነት መተው የማይሆንለት ሰው በየጠረጴዛው አለ።

መሪነቱን የምትለቁት ለቀኝ ከሆነ ግን በፍጹም እንዳታደርጉት። ቀኝ ጃክን መርቶ በንግሥታችሁ ላይ ያልፋል። አራት ዙር በተከታታይ ይበሉባችኋል።

7. ሳይነቁ ሥሩት

ጨዋታው በገፋ ቁጥር ተከላካዮች ያውቃሉ። ምልክት ተለዋውጠዋል፣ ካርታ ቆጥረዋል፣ ጨረታውን አገናዝበዋል። በሁለተኛው ዙር የሚሠራ ማታለያ በዘጠነኛው አይሠራም።

ምሳሌው ይህ ነው። ገዥ ያለው ውል ላይ ናችሁ። እጃችሁ ላይ አንዲት ዳይመንድ ብቻ አለች፤ 4። ዳሚ ላይ ንጉሥ፣ ጃክና 7 አሉ። አሱ ግራ ጋ ነው ብላችሁ ገምታችኋል። መሪነቱን እንዳገኛችሁ፣ ገዥውን እንኳ ሳታወጡ፣ 4ን ምሩ። በደንብ የሠለጠነ ተከላካይ በእንዲህ ያለ ጊዜ አሱን ወዲያው አያወርድም። ባለውሉ ንጉሥ ወይስ ጃክ ብሎ ይጨነቅ ዘንድ በእርጋታ ትንሽ ይጥላል። የተማረው እንዲያ ነው። እናንተ ንጉሡን ታወርዳላችሁ፣ ትበላላችሁ፣ በዚያ ዓይነት ከዚህ በኋላ የምትከፍሉት የለም። አሱ እጁ ላይ ይቀራል።

አብሮን የሚጫወት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። መጽሐፍ ላይ ያነበበውን አንድም አይስትም። እንዲህ ያለው ሰው ጎበዝ ነው፣ ግን ልማዱ ስለሚታወቅ ይህ ብልሃት የሚገጥመው ለእሱ ነው። ገዥውን በሙሉ አውጥታችሁ፣ እጃችሁ ከተቆጠረ በኋላ 4ን ብትመሩ ግን አንድ ዳይመንድ ብቻ እንዳላችሁ ያውቃል። አሱን ዘርግቶ ይበላል።

8. ጃክን አሳዩና መልሱን እዩ

አጭር ነው። ዳሚ አስ፣ 10፣ 6፣ 3 አለው። እናንተ ንጉሥ፣ ጃክ፣ 9፣ 5። ንግሥቲቱ ከሁለቱ በአንዱ ጋ ናት፤ በየትኛውም በኩል ልትይዟት ትችላላችሁ። ሌላ መረጃ ከሌለ ግማሽ በግማሽ ግምት ነው።

ግምቱን ከማድረጋችሁ በፊት ጃክን ከእጃችሁ ምሩ። «ትልቅ ካርታ ሲመራ በትልቅ ሸፍን» የሚለውን ምክር የያዘ ግራ ተከላካይ ንግሥት ካለው ያወርዳታል። ወይም ይጨነቃል። በእርጋታ ትንሽ ካርታ ከጣለ ንግሥቲቱ ቀኝ ጋ የመሆኗ ዕድል ከፍ ይላል። ያኔ አሱን ከዳሚ አውርዱ፣ ቀጥሎ 10ን ከዳሚ መልሳችሁ ምሩና ቀኝ ካልሸፈነ ልቀቁት። ተከላካዩ ተጨንቆ ሲያስብ አይታችሁ መገመት የተፈቀደ ነው። ግምቱ ባይሳካ ኃላፊነቱ ግን የእናንተ ነው።

ከጋሼ ጋር ይህ አይሠራም። ጃክ ገና ጠረጴዛውን ሳይነካ ምን እንደሚጥሉ ወስነዋል።

9. የደከማችሁበትን ዓይነት ራሳችሁ ምሩ

ያለ ገዥ ውል ይዛችሁ በዳይመንድ ሁለታችሁም ትንንሽ ብቻ ካላችሁ፣ ተከላካዮቹም ገና ካላወቁት፣ አንዳንዴ ራሳችሁ ዳይመንድ ብትመሩ ይሻላል። ባለውል የሚመራው ሊያለማው የሚፈልገውን ዓይነት ነው ብለው ስለሚያምኑ ገብተው ሌላ ይመራሉ። ይህ የመጨረሻ አማራጭ ነው። በቀጥታ መንገድ ውሉ የማይሳካ ሲሆን ብቻ ተጠቀሙበት። ቀጥታ መንገድ እያለ ብልጠት መፈለግ ባልደረባን ማስቀየም ነው፤ እሱ እኮ በጨረታው አምኖባችሁ እጁን ዘርግቷል።

10. ልምምድ

ለልምምድ አራት ሰው አያስፈልግም፣ ሁለት ይበቃል። ፒያሳ ካሉት ሱቆች አንድ ተራ ካርታ ግዙ። ከውስጡ የአንዱን ዓይነት 13 ካርታ ብቻ አውጡ። ከላይ በቁጥር 4 የጻፍኩትን የልብ አያያዝ በአራት ቦታ አስቀምጡ። ጓደኛችሁን ግራ ወንበር ላይ አስቀምጡት፤ የራሱንና የዳሚን ብቻ ይይ። አሱን ይምራ፣ ቀኝ 5 ይውረድ፣ እናንተ 3ን ጣሉ። «አሁን ምን ትመራለህ? ለምን?» በሉት። ቀጥሎ ያንኑ አያያዝ መልሳችሁ ንግሥትን ጣሉና ያንኑ ጠይቁት። ምክንያቱን በቃሉ ሲናገር የተከላካይ ሐሳብ እንዴት እንደሚሄድ ትሰማላችሁ። ከዚያ ወንበር ተለዋወጡ። ግራ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው ግራን መሸወድ አይችልም።

የቁጥር 3፣ 5 እና 6ን አያያዞችም እንዲሁ አድርጉ። በየአንዳንዱ ላይ ትንንሾቹን ካርታዎች እየለዋወጡ የትኛው ለውጥ ታሪኩን እንደሚያበላሽ መርምሩ። ለምሳሌ በቁጥር 5 ላይ የእናንተን 5 ለቀኝ ስጡና የእሱን 3 ውሰዱ። ቀኝ አሁን ዝቅተኛው 4 ነው፤ እናንተ 3 እና 2 አላችሁ። የትኛውንም ብትጥሉ ከ4 በታች አንድ ካርታ ተደብቆ ይቀራል፣ ስለዚህ ምርጫው ለውጥ አያመጣም። ይህን ራሳችሁ ስታገኙት ነው የሚገባችሁ።

አራት ሰው የማይሞላ ከሆነ ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን ላይ በስልክ መጫወት ይቻላል፤ በነጻ የሚጫወቱባቸው ጠረጴዛዎች አሉ። ግን ከኮምፒውተር ጋር ብቻ አትልመዱ። ኮምፒውተሩ እንደ ሰው ልማድ ስለሌለው ማንን እንደምትሸውዱ ማጥናት አትችሉም።

እጁ ካለቀ በኋላ ካርታውን ሳትበውዙ አራቱንም እጅ ዘርግታችሁ ተነጋገሩ። ንግሥቲቱ ስትወርድ ምን አሰብክ ብላችሁ ግራውን ጠይቁ። «ገና ከመጀመሪያው አውቄብሃለሁ» ካለ ከምን እንዳወቀ ይንገራችሁ፤ ከጨረታው ነው፣ ከባልደረባው ካርታ ነው፣ ወይስ እናንተ ስለዘገያችሁ? ከዘገያችሁ ነው ካለ ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ። ከዚያ ካርታው ይበወዝ፣ ቀጣዩ ሰው ያድል።